ወንድ ነው ወይስ ሴት? ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሕፃን አያያዛችን እንዴት ይለወጣል

በቱሉ ዲምቱ ለሕፃናት ማቆያ ሞግዚቶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ

አንድ የዘጠኝ ወር ሕፃን ፊት ሳጥን ይቀመጣል። ክዳኑ በድንገት ይከፈትና ከውስጡ አሻንጉሊት ብድግ ይላል። ሕፃኑ ይደነግጣል፤ ደጋግሞ ሲከፈትበት ደግሞ ያለቅሳል። ጆን ኮንድሪና ሳንድራ ኮንድሪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን በፊልም ቀርጸው ለ204 ሰዎች አሳዩ፤ ጥናታቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የጥናትና የዓለም ጤና ድርጅት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፊልሙም አንድ፣ ሕፃኑም አንድ ነው። ለግማሾቹ ተመልካቾች «ወንድ ነው»፣ ለግማሾቹ «ሴት ናት» ተባለላቸው። ወንድ ነው የተባሉት ልቅሶውን ወደ ንዴት ሲያደሉት፣ ሴት ናት የተባሉት ፍርሃት አደረጉት።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ስሙ ቢለያይ ልቅሶው ያው ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ቁም ነገሩ ያለው ከስሙ ቀጥሎ በሚመጣው እጅ ላይ ነው። የፈራችን ልጅ አንስተን እናቅፋለን፤ ሳጥኑንም ከፊቷ እንሸሽጋለን። የተናደደውን «አይ ጀግና!» ብለን እንስቅለታለን፤ ሳጥኑ እዚያው ይቆያል፤ እሱም መልሶ ይነካካዋል። እንዲህ ያለው ነገር በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ዓመት ሲሞላቸው አንዱ ከሚያስደነግጥ ነገር ጋር መታገልን ተለማምዷል፤ ሌላዋ ሲከፋት ሰው እንደሚደርስላት ተምራለች። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሹን ብቻ መስጠት ነው ችግሩ።

ይህን ሁሉ ግምት የሚያመጣው ምንድን ነው? ጥሩ ፍንጭ የሚሰጠን እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ ሌላ ጥናት ነው። ጄፍሪ ሩቢንና ባልደረቦቹ 30 ጥንድ እናትና አባቶችን ልጃቸው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አነጋገሩ። አሥራ አምስቱ ሴት፣ አሥራ አምስቱ ወንድ ወልደዋል። ሕፃናቱ በሆስፒታሉ ሲለኩ በክብደትም በቁመትም የሚለያዩ አልነበሩም። ወላጆቹ ግን ሴቶቹን «ለስላሳ፣ መልከ ቀጭን፣ ትንሽዬ» አሏቸው። ግምታቸው ይበልጥ የጋነነው የአባቶቹ ነበር። እናቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈዋል፤ አባቶቹ ግን እስከዚያ ሰዓት ያዩት በመስታወት በኩል ብቻ ነው። ልጁን በእጁ ያላወቀ ሰው ባዶውን የሚሞላው በጾታው ነው ማለት ነው። ካትሪን ካራከርና ባልደረቦቿ በ1995 ተመሳሳይ ጥናት ሲያደርጉ ግምቱ ቀንሶ ቢያገኙትም አልጠፋም፤ ሴቶቹ አሁንም «ደካማና ስስ» ይባሉ ነበር።

እዚህ ላይ ሚዛኑን እንጠብቅ። ሜሪሊን ስተርንና ካትሪን ካራከር በ1989 በርካታ ተመሳሳይ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ «ወንድ» ወይም «ሴት» የሚለው ስም ሁልጊዜ የአዋቂን ድርጊት አይለውጥም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ስሙ የሚበረታው ሁኔታው ግልጽ ባልሆነበት ጊዜ ነው። ስለዚህ «ሁላችሁም ታዳላላችሁ» ልንላችሁ አልመጣንም። ሕፃን ግልጽ የማይሆንልን የት የት ነው? ግምታችንን መፈለግ ያለብን እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ልቅሶ ነው። የሕፃን ድምፅ ቅጥነቱ በጾታ አይለይም፤ ያ የሚመጣው በጉርምስና ነው። ዴቪድ ሬቢና ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት ጥናት የሦስት ወር ሕፃናትን ልቅሶ ለአዋቂዎች አሰሙ። ሰሚዎቹ ወፈር ያለውን ልቅሶ የወንድ፣ ቀጠን ያለውን የሴት ነው አሉ፤ ልክ አልነበሩም። ወንዶቹ ሰሚዎች ደግሞ የወንድ ነው የተባለውን ልቅሶ ይበልጥ የሥቃይ አድርገው ሰሙት፤ ወንድ ካለቀሰ በእውነት ቢያመው ነው በሚል ስሌት ይመስላል። ቀጠን ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ሕፃን «ይህ ደግሞ እንደ ሴት ይነጫነጫል» ይባላል፤ ወፈር ያለ ድምፅ ያላት ሴት ደግሞ «ቁጡ ናት» ትባላለች። የሁለቱም ጥፋት የድምፅ ገመድ ነው።

ለሞግዚት የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ ስሜቱን ከመሰየም በፊት ሰውነቱን እይ፤ መጨረሻ የጠባው መቼ ነው፣ ዳይፐሩ ረጥቧል ወይ፣ አንገቱ ሥር ሲዳሰስ ሞቆታል ወይስ በርዶታል፣ ካገሳ ስንት ጊዜ ሆነው፣ ከነቃ ስንት ሰዓት ሆነው፣ ጣቱ ወይም ብልቱ ላይ ክር ተጠምጥሟል ወይ። የመጨረሻዋ ቀልድ አይደለችም፤ ከካልሲ የተመዘዘ ክር ወይም የእናት ፀጉር የሕፃን ጣት አንቆ ደም ሊያግድ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ «ተናደደ» ወይም «ፈራች» ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ እዚያ ሳይደረስ ልቅሶው ያበቃል።

የክትባት ቀንም እንዲሁ ነው። በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት የሚሰጡት መርፌዎች ለሁሉም አንድ ናቸው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ቃል ግን በስድስት ሳምንቱ ሕፃን ላይ ሲወረወር ይሰማል። ሕፃኑን በጀርባው አጋድሞ አጥብቆ ከመያዝ ይልቅ ቀና አድርጎ ማቀፍ፣ ከመርፌው ትንሽ ቀደም ብሎ ጡት ማጉረስ፣ መርፌው ሲወጋም ሳያስጥሉ መቀጠል ሕመሙን ይቀንሳል። ይህን ለሴቷ አድርጎ ወንዱን «ይቻለው» ማለት ሥራን ማጓደል ነው።

ሁለተኛው መንቀሳቀስ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኤሚሊ ሞንድሻይን፣ ካረን አዶልፍና ካትሪን ታሚስ ለሞንዳ በ2000 ባሳተሙት ጥናት የ11 ወር ሕፃናት እናቶችን ከፍና ዝቅ የሚል መወጣጫ ፊት አቁመው «ልጅሽ በስንት ዲግሪ ዘቅዛቃ ላይ ዳዴ ብሎ መውረድ ይችላል?» ብለው ጠየቁ። የወንድ እናቶች ልጃቸው ከሚችለው በላይ፣ የሴት እናቶች ከምትችለው በታች ገመቱ። ልጆቹ ሲሞከሩ በሴትና በወንድ መካከል ልዩነት አልነበረም። እነዚህ እናቶች ልጃቸውን አሥራ አንድ ወር አሳድገዋል፤ ዘቅዛቃ ላይ ግን አላዩትም። ያላዩትን ነው በጾታ የሞሉት።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 ያወጣው የእንቅስቃሴ መለኪያ ለሁለቱም ጾታ አንድ ነው። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ በእጅና በጉልበት መዳህ ከ5.2 እስከ 13.5 ወር፣ ብቻውን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር። ክልሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ በ14 ወሯ ያልተራመደችን ልጅ «ሴት ናት፣ ቀስ ትላለች» ማለትም፣ እኩያዋን ወንድ «ሰነፍ» ማለትም መሠረት የለውም። አደጋው ከ18 ወር በኋላ ነው፤ ያኔም «ሴት ናት» እየተባለ ምርመራ ይዘገያል።

ልምምድ የሚገኘው ወለል ላይ ነው። ገና የማይድህ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በሆዱ የሚተኛበት ጊዜ ተደማምሮ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲሆን፣ በጋሪም ሆነ በጀርባ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መክሯል። አንቀልባ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ሕፃን ጀርባ ላይ ሆኖ ዓለምን ያያል፣ እናትም ሥራዋን ትሠራለች። ከሰዓቱ በኋላ ግን ይውረድ። አጀማመሩ ቀላል ነው፦ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ ከጠባ ወዲያው ሳይሆን ቆየት ብሎ። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፤ ጋቢ አራት ላይ አጥፎ ማንጠፍ ይበቃል። ሲያንቀላፋ ግን በጀርባው ይተኛ፤ በሆዱ መሆን የሚፈቀደው ነቅቶ፣ ሰው እያየው ብቻ ነው።

በሴት ልጆች ላይ እንቅስቃሴን የሚያጓድል አንድ ነገር አለ፤ ቀሚስ። ልጅቷ ለመዳህ ጉልበቷን ወደፊት ስትወስድ የቀሚሱን ጫፍ ትረግጣለች፤ ቀጥሎ ሰውነቷን ስታስከትል ጨርቁ አንገቷን ወደታች ይጎትታታል፤ በአፍንጫዋ ትደፋለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደፋች በኋላ መሞከር ትተዋለች፤ «ዝም ያለች፣ ጨዋ ልጅ» ተብላ ትመሰገናለች። ለጥምቀት፣ ለፎቶ ቀሚስ ይልበሱ፤ ለወለል ግን ሱሪ። ጠባብ ጂንስ የለበሰ ወንድም ጉልበቱ አይታጠፍለትም፤ ስለ እሱም አንድ ቃል ብንናገር ጥሩ ነው።

ደረጃ ያለበት ሕንፃ የሚኖር ቤተሰብ የሚፈራው መውደቅን ነው፤ ፍርሃቱም ልክ ነው። መፍትሔው ግን ሴቷን መከልከል ወንዱን መልቀቅ አይደለም፤ ለሁለቱም በር ላይ መከልከያ ማድረግና መውረድን ማስተማር ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ መሬት ላይ አድርጉ። ሕፃኑ ጫፍ ሲደርስ ወገቡን ይዛችሁ አዙሩት፤ እግሩ ይቅደም፣ ሆዱ ፍራሹ ላይ ይንሸራተት፣ እግሩ ወለል እስኪነካ እጃችሁ ከኋላው ይቆይ። ስታዞሩት «ዙር» በሉ፤ ለሴቷ «ዙሪ»። ቃሉና እንቅስቃሴው ከተዋወቁ በኋላ እጃችሁን ቀስ በቀስ ታነሳላችሁ። በግንባር ተወርውሮ የሚወርድ ደፋር ወንድ ካለ ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ መዞርን ያስተማረው ስለሌለ ነው።

ስለ ንግግር አጠር አድርገን እንለፍ። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት 33 ሕፃናት ላይ መቅረጫ አድርጎ የቤታቸውን ድምፅ ሲያዳምጥ፣ እናቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሴት ሕፃን ድምፅ ይበልጥ መልስ ይሰጡ ነበር። አባቶች ደግሞ ከእናቶች እጅግ ያነሰ ያወሩ ነበር። ጄኒፈር ማስካሮና ባልደረቦቿ በ2017 ዳዴ ካለፉ ልጆች አባቶች ያገኙት ደግሞ ይህ ነው፤ ሴት ልጅ ያላቸው ይበልጥ ይዘፍናሉ፣ ስትጮህ ይበልጥ ይደርሳሉ፣ ስለ ኀዘን ስሜትም ያወራሉ። ወንድ ልጅ ያላቸው ደግሞ ትግልና ጉንተላ ያበዛሉ፤ ቃላቸውም ስለ ማሸነፍና ስለ ኩራት ነው። በእኛም ቤት «አንበሳዬ፣ ጎበዜ» ለማን፣ «ቆንጅዬ፣ የኔ ውብ» ለማን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። አንዱ ስለሚሠራው ይመሰገናል፤ ሌላዋ ስለምትመስለው።

የአባቶቹን ነገር በስንፍና ብቻ አንተርጉመው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ሲሰጣት ለአባት የተሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ከቱሉ ዲምቱ ንጋት ላይ ወጥቶ ማታ የሚመለስ አባት ልጁን የሚያየው ተኝቶ ነው፤ እሱም እንደ ሩቢን አባቶች በመስታወት በኩል የሚያይ ያህል ነው። አንድ ቋሚ ሥራ ይያዝ፤ ገላ ማጠብ ይሁን። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ሕፃኑ ራቁቱን ነው፣ እግሩ ምን ያህል እንደሚገፋ በእጅ ይታወቃል፣ ወሬም ሳይፈለግ ይመጣል።

ምግብ ላይ ያለው ግምት ግን ጉዳት ያደርሳል። «ወንድ ልጅ ነው፣ ጡት ብቻ አይበቃውም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው። በእነዚህ ጊዜያት ሕፃን ጾታው ምንም ይሁን ለጥቂት ቀናት ቶሎ ቶሎ መጥባት ይፈልጋል። አጠባቡ ሲበዛ የጡቱ ወተት ይጨምርና ነገሩ ይረጋጋል። በዚያ መሃል የላም ወተት ወይም የአብሽ ውኃ ከተሰጠው ግን ሆዱ ይሞላል፣ የሚጠባው ይቀንሳል፣ ጡቱም ያመርታል የሚባለውን ያህል አያመርትም። በሳምንቱ «አላልኳችሁም? አልበቃውም» ይባላል። ግምቱ ራሱን እውነት አደረገ። መለኪያው ጾታ ሳይሆን ሽንትና ሚዛን ነው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚሸና፣ በየወሩ ክብደቱ የሚጨምር ሕፃን ጡት በቅቶታል።

«ሴት ልጅ ትንሽ ይበቃታል» የሚባለው ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ፣ ገንፎ ሲጀመር ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ከሁለት ሦስት ማንኪያ ተነስቶ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ የ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር ግማሽ ኩባያ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ለሁለቱም ያው ነው። ልጅ ፊቱን ከማንኪያው ሲያዞር ለወንዱ «ጠግቧል፣ ትንሽ ቆይቶ እንሞክርለት»፣ ለሴቷ «በቃት» የሚባል ከሆነ፣ ያቺ «ትንሽ ቆይቶ» የምትባለዋ ሙከራ በወር ውስጥ ብዙ ማንኪያ ነው።

በጾታ መለየት ያለበት ነገር የለም ወይ? አለ፤ እሱም በግምት ሳይሆን በልክ ነው። የእድገት መከታተያው ሰንጠረዥ ለሴትና ለወንድ የተለያየ ነው። በስድስት ወር የወንድ መካከለኛ ክብደት 7.9 ኪሎ፣ የሴት 7.3 ኪሎ ነው፤ ዝቅተኛው መስመር ለወንድ 6.4፣ ለሴት 5.7። 6.2 ኪሎ የምትመዝን የስድስት ወር ሴት ከመስመሩ በላይ ናት፤ እኩያዋ ወንድ ግን ከመስመሩ በታች ነውና ክትትል ያስፈልገዋል። ካርዱ ሲቀያየር የሚያስፈልገው ልጅ ይታለፋል። የክንድ ዙሪያ መለኪያው ግን ከስድስት ወር ጀምሮ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ዳይፐር ሲቀየር ሴቷ ከፊት ወደ ኋላ ትጠረግ፤ በተቃራኒው ከሆነ ጀርም ወደ ሽንት ቱቦ ይገባል። የሴት ልጅ ግርዛት ግን ከዚህ ወገን አይቆጠርም። የሚያስገኘው የጤና ጥቅም የለም፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565ም ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። በሕፃንነት የሚፈጸምበት አካባቢ ብዙ ስለሆነ፣ አራስ ቤት የምትገባ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጉዳዩን በመጀመሪያው ሳምንት ታንሳው፤ ለክርስትናው ሰማንያ ቀን አትጠብቅ።

በማቆያችሁ ውስጥ ያለውን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቆጠራ ነው። የዕድሜ ልዩነታቸው ከአንድ ወር የማይበልጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ምረጡ። ጠዋት ከእንቅልፍ በኋላ ለአንድ ሰዓት፣ በየአምስት ደቂቃው አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ እዩና ከአራቱ በአንዱ ሥር ጭረት አድርጉ፤ ታቅፎ ወይም ታዝሎ፣ ወለል ላይ በነፃ፣ ሰው እያነጋገረው፣ ብቻውን ታስሮ ወይም ተቀምጦ። ሁለት የሚገጥም ከሆነ ንግግሩን አስቀድሙ። በሰዓት አሥራ ሁለት ጭረት ይሆናል። ሰባት ቀን ቁጠሩ፤ ሰው ሲታይ ስለሚያምርበት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጣሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ 60 ጭረት ይቀራል። የሦስት አራት ጭረት ልዩነት ምንም አይደለም። አሥራ አምስት ከሆነ ግን ተነጋገሩበት፤ መጀመሪያ ልጁ ታሞ እንዳልነበር አረጋግጡ።

ሁለተኛው የኮንድሪዎቹን ሙከራ በስልክ መሥራት ነው። ወላጅ አስፈቅዳችሁ በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን ሲያለቅስ ሠላሳ ሰከንድ ቅረጹ። ሠራተኞቹን ለሁለት ከፍላችሁ ለየብቻ አሳዩ፣ ለአንዱ ወገን ወንድ ለሌላው ሴት በሉ፤ እያንዳንዱ ምን እንደተሰማው በአንድ ቃል ይጻፍ። የሚያበላሹት ሦስት ናቸው፦ የተበሳ ጆሮ ይታያል፣ ቀራጩ «አይዞህ» ብሎ ያጋልጣል፣ ወይም መጀመሪያ ያየው ወገን ኮሪደር ላይ ያወራል። ወረቀት ላይም «ለምን አለቀሰ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ግሡ ወንድ አደረገው። «የልቅሶው ምክንያት» ይበቃል። ሲያልቅ ወረቀቱን ከፋፍሎ ማየት እንጂ የማን መልስ እንደሆነ መፈለግ አያስፈልግም።

ከአዳራሹ ሁለት ጥያቄ ተነሳ። አንደኛው «ወንዶች በተፈጥሯቸው ንቁ አይደሉም ወይ?» የሚል ነው። በአማካይ ትንሽ ልዩነት አለ። ዳረን ካምቤልና ዋረን ኢተን በ1999 የሕፃናት እንቅስቃሴ ጥናቶችን አጠቃለው ወንዶቹ በጥቂቱ እንደሚበልጡ አሳይተዋል። ጥቂት ማለት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ እያወጣችሁ መቶ ጥንድ ብታወዳድሩ በ55 ወይም በ56ቱ ወንዱ ይበልጣል፤ በቀሩት ሴቷ። በዚህ ልክ ማንን ወለል ላይ ማውረድ እንዳለባችሁ መወሰን አይቻልም።

ሁለተኛው «ሕፃኑን ቀኑን ሙሉ የምትይዘው የስምንት ዓመት እህቱ ናት፤ እሷን ምን እንበላት?» የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስተርንና ካራከርም ልጆች ከአዋቂዎች ይበልጥ ሕፃንን በጾታው እንደሚፈርጁ አግኝተዋል። ለስምንት ዓመት ልጅ ንግግር አይሠራም፤ ሥራ ስጧት። የካልሲ ኳስ፣ የእንጨት ማንኪያና ክዳን በአንድ ስፌት ውስጥ አድርጉ፤ ከሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር አይግባበት፣ ሕፃኑ ይውጠዋልና። ሦስቱንም በየተራ ታቅርብለትና የቱን እንዳነሳ ማታ ትንገራችሁ። ወንድምየውም ቤት ካለ ተራው በቀን ይቀያየር።